ሦስት ስም፣ ሦስት ዋጋ፣ አንድ ተክል፦ ጅማ ላይ ሰኩለንት የምትገዙ ተጠንቀቁ

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ግን ንዴቴን ለመወጣት ብቻ አይደለም። ጅማ ውስጥ ቤቱን በተክል የሚያሳምር ሰው በዝቷል። በየበረንዳው፣ በየካፌው መስኮት ሰኩለንት ይታያል። ወፋፍራም ቅጠላቸው ውስጥ ውሃ የሚያጠራቅሙትን ማለቴ ነው። ፈላጊ ሲበዛ ደግሞ ስም እየለጠፈ የሚሸጥም ይበዛል። እኔ የከሰርኩትን እናንተ አትክሰሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴሌግራም ላይ ከሚሸጥ አንድ ነጋዴ ሦስት ትንንሽ ተክሎች ገዛሁ። አንዱ ላይ «ሃዎርቲያ ፋሺያታ» የሚል ወረቀት ተሰክቶበታል፤ 450 ብር። ሁለተኛው «ሃዎርቲያ አቴኑዋታ»፤ 700 ብር። ሦስተኛው «ሃዎርቲዮፕሲስ፣ በጣም ብርቅ»፤ 1,800 ብር። ሦስቱም ጥቁር አረንጓዴ ቅጠላቸው ላይ ነጭ መስመር አላቸው፤ ልክ እንደ ሜዳ አህያ። ፎቶው ላይ አንዱ ቀላ ያለ ነው። አንዱ ረዘም ያለ፣ አንዱ ደግሞ ሰብሰብ ያለ። የተለያዩ መስለውኝ ብሩን ላክሁ።

የገዛኋቸው ግንቦት ላይ ነበር። አንድ መስኮት ላይ ደረደርኳቸው። ብርሃኑም ውሃውም እኩል። ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ሲገባ አንዱን ከሌላው መለየት አቃተኝ።

እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ቡና ስትለቅም የኖረች ናት። የተበላሸውን ፍሬ ዓይኗ ሳያየው ጣቷ ያገኘዋል። አንድ ቀን መስኮቱ ጋ ቆም ብላ ተክሎቹን አንድ በአንድ አነሳቻቸው። አውራ ጣቷን በቅጠሉ ሆድ ላይ ከሥር ወደ ጫፍ ሳብ አደረገች። «ይሄ ይቆረቁራል። ይሄም ይቆረቁራል። ይሄም። ልጄ፣ እነዚህ እኮ የአንድ እናት ልጆች ናቸው» አለችኝ። ስለ ሃዎርቲያ ሰምታ አታውቅም። ግን ልክ ነበረች።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የቅጠሉ ሆድ የምለው ወደ ተክሉ መሃል የዞረውን ገጽ ነው። ጀርባው ወደ ውጭ የዞረው ነው። እውነተኛዋ ፋሺያታ ነጫጭ ጉብታ ያላት ጀርባዋ ላይ ብቻ ነው። ሆዷን ብትዳስሱት ልስልስ ነው። አቴኑዋታ ግን ሆዷም ጀርባዋም ሻካራ ነው። ሁለቱም የደቡብ አፍሪካ ተክሎች ናቸው፤ አገራቸው ምሥራቃዊ ኬፕ ነው። አቴኑዋታ ቶሎ ቶሎ ከሥሯ ልጅ ታወጣለች፤ ስለዚህ ማባዛቷ ቀላል ነው፣ ርካሽ ናት። በዓለም ገበያ «ፋሺያታ» እየተባለ የሚሸጠው አብዛኛው እሷው ናት። ሐቀኛ ነጋዴም ይሳሳታል። በዚህ ብቻ ቢሆን ቂም አልይዝም ነበር። ከአንድ እናት የተነቀሉ ልጆችን ሦስት ስም ሰጥቶ፣ በሦስት ዋጋ መሸጥ ግን ስህተት አይባልም።

ሦስተኛዋ «ብርቅ» የተባለችው ነገር የባሰ አበሳጭቶኛል። ሃዎርቲዮፕሲስ ማለት ሌላ ተክል አይደለም። ፋሺያታም አቴኑዋታም ድሮ ሃዎርቲያ ውስጥ ነበሩ። በ2013 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጎርደን ራውሊ የተባለ እንግሊዛዊ የዕፅዋት ሊቅ እነሱንና ዘመዶቻቸውን ሃዎርቲዮፕሲስ ወደሚባል ወገን አዛወራቸው። የድሮውን ስም የሚጽፍ አለ፣ አዲሱን የሚጽፍ አለ። ተክሉ ያው ተክል ነው። እኔ 1,800 ብር የከፈልኩት ለአዲስ ስም ነው። ቅጠሏ እንደ ሰይፍ ቀጥ ብሎ የሚቆመው የቤት ተክል፣ ሳንሰቬሪያም እንደዚሁ ናት። ሊቃውንቱ ድራሴና የሚባል ወገን ውስጥ ስለጨመሯት በሁለቱም ስም ትሸጣለች። ሁለት ዓይነት ገዛሁ ብላችሁ አንድ ዓይነት ይዛችሁ እንዳትገቡ።

ታዲያ ፎቶው ላይ ለምን ተለያዩ? በብርሃን ነው። ፀሐይ የጠገበ ሰኩለንት ይቀላል፣ ይሰበሰባል። ጥላ ውስጥ የከረመው ይረዝማል፣ አረንጓዴ ይሆናል፣ ቅጠሉ ይራራቃል። አንዱን ተክል ለሁለት ከፍላችሁ አንዱን ደጅ፣ አንዱን ሳሎን ብታስቀምጡት ከጥቂት ወራት በኋላ ወንድማማች አይመስሉም። ስለዚህ በቀለም ብቻ «ይሄ ሌላ ዘር ነው» የሚላችሁን አትመኑ። የሚያብረቀርቅ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ሆኖ ካገኛችሁትማ ቀለም የተነፋበት ሊሆን ይችላል። መሃሉን ገልጣችሁ እዩ፤ አዲስ የሚወጣው ቅጠል አረንጓዴ ከሆነ ቀለም ነው። ካክተስ አናት ላይ የደረቀ አበባ በሙጫ ለጥፈው የሚሸጡም አሉ። በቀስታ ነካ አድርጉት፣ ይታወቃል።

ቢጫ ጠርዝ ያላትን ሳንሰቬሪያ ለምትወዱ አንድ ነገር ልጨምር። ቅጠሏን ቆርጠው «ትከሉት፣ እንደዚሁ ባለ ቢጫ ይወጣላችኋል» ብለው ይሸጣሉ። አይወጣም። ከተቆረጠ ቅጠል የምትበቅለው ቢጫውን ትታ አረንጓዴ ብቻ ትሆናለች። ቢጫው እንዲቀጥል ከሥር የወጣውን ልጅ ነው መግዛት ያለባችሁ። ጎረቤቴ አምስት ቅጠል ገዝታ አምስቱም አረንጓዴ ወጥተውባታል።

እስካሁን ያልኩት ብር የሚያስከስር ነው። ይህኛው ግን ልጅ የሚጎዳ ነውና በደንብ አንብቡልኝ።

«ካክተስ» ተብሎ ከሚሸጠው ውስጥ ብዙው ካክተስ አይደለም። የቁልቋል ወገን ነው። አጥር ላይ የምናውቀው፣ በኦሮምኛ አዳሚ የምንለው ማለት ነው። የሱ ዘመዶች ትንንሽ ሆነው፣ ባማረ መትከያ ውስጥ ሲገቡ ካክተስ ይመስላሉ። ስትቆርጡት ግን ነጭ ወተት ያፈሳል። ያ ወተት ቆዳ ያቃጥላል። ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ሕመም ያመጣል፣ ለጊዜው ማየት እስከመከልከል ይደርሳል። ቁንጭብም እዚሁ ወገን ነው፤ እንደ እርሳስ ቀጫጭን ቅርንጫፍ ያለው፣ አሁን አሁን ሳሎን ውስጥ የሚቀመጠው።

መለያው እሾሁ የሚወጣበት ቦታ ነው። ካክተስ እሾሁ የሚበቅለው ከትንሽ፣ ጥጥ ከምትመስል ለስላሳ ነጥብ ላይ ነው። አንዷ ነጥብ ብዙ እሾህ ታወጣለች። የቁልቋል ወገን ያ ጥጥ የለውም። እሾሁ ብዙ ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ከጠርዙ ላይ ይወጣል። ወተቱን ለማየት ብላችሁ አትውጉት። ለዚያውም ከካክተሶች መካከል ወተት ያላቸው ጥቂቶች ስላሉ ወተት ብቻውን አይፈርድም። ቤታችሁ ሕፃን ካለ ጥጧን ነጥብ ፈልጉ። ካጣችኋት ተክሉን እጁ የማይደርስበት ቦታ ስቀሉት። ስትቆርጡት ጓንት አድርጉ፣ ዓይናችሁን አትንኩ። ወተቱ ዓይን ከነካ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ወዲያው ወደ ሐኪም ሂዱ።

እሬትም ላይ ያው ችግር አለ። ለፊትና ለፀጉር ብሎ «አሎቬራ» የሚገዛው ሰው ብዙ ነው። እሬት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ኢትዮጵያና ኤርትራ ውስጥ ብቻ ከ40 በላይ ዓይነት አለ። አሎቬራ የምንላት የዓረብ ባሕረ ገብ መሬት ተክል ናት፤ አበባዋ ቢጫ ነው። ልጅ ሳለች ቅጠሏ ላይ ነጠብጣብ ስላለ ከሌሎች ባለ ነጠብጣብ እሬቶች ጋር ትምታታለች። አበባው ብርቱካናማና ከላይ ጠፍጠፍ ያለ ከሆነ ሌላ ናት። አበባ ሳታዩ «ኦሪጅናል አሎቬራ ነው» ለሚላችሁ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ። እውነተኛዋም ብትሆን ከቅጠሉ ቆዳ ሥር የሚወጣው ቢጫ መራራ ፈሳሽ ሆድ ያስቀምጣል። ጨምቃችሁ አትጠጡት።

ከዱር የተነቀለ እሬት «ብርቅ» ተብሎ ሲመጣባችሁም እምቢ በሉ። ከአሎቬራ በቀር የእሬት ዓይነቶች በሙሉ ያለ ፈቃድ ድንበር ተሻግረው እንዳይሸጡ በዓለም አቀፍ ስምምነት ጥበቃ ሥር ናቸው። አንዳንዶቹ የሚበቅሉት እኛ አገር ብቻ ነው። በብር የሚተካ ነገር አይደለም።

አሁን ከመግዛቴ በፊት የምጠይቀው ነገር አለ። የቅጠሉን ሆድ በቅርብ ፎቶ አንሳልኝ እላለሁ። እናቲቱን አሳየኝ እላለሁ፤ ሦስቱም «ዓይነቶች» ከአንድ መትከያ ከወጡ እናቲቱ ታጋልጣለች። አበባ አውጥቶ ከነበረ የአበባውን ፎቶ እጠይቃለሁ። እነዚህ ተክሎች ያለ አበባ በእርግጠኝነት ለመለየት ለባለሙያም ያስቸግራሉ። ሻጩ «ትክክለኛ ስሙን አላውቀውም» ካለኝ ደስ ይለኛል፣ ከእሱ እገዛለሁ። ሄርማታ ገበያ አካባቢ ችግኝ የሚሸጡ አንዲት እናት እንዲህ ናቸው። «ስሙን እንጃ ልጄ፣ ውሃ አታብዢበት ብቻ» ብለው በ100 ብር የሰጡኝ ተክል ዛሬም ቆንጆ ነው። ምክራቸውም እውነት ነው። የጅማ ዝናብ ለእነዚህ የደረቅ አገር ተክሎች ይበዛባቸዋል። ክረምት ላይ ጣሪያ ሥር አስገቧቸው፣ አፈራቸው ውስጥ ሻካራ አሸዋ ጨምሩ።

ነጋዴውን አናግሬዋለሁ። የሦስቱንም ቅጠል ሆድ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። መጀመሪያ «ስሙን የሰጠኝ ያመጣልኝ ሰው ነው» አለ። ቀጥሎ «ውሃ አብዝተሽበት ነው የተለወጠው» አለኝ። ውሃ የተክል ዘር አይለውጥም። የዋጋውን ልዩነት ብቻ እንዲመልስልኝ ስጠይቀው ብሎክ አደረገኝ።

ሦስቱ ተክሎች አሁንም መስኮቴ ላይ ናቸው። የተሰካባቸውን ወረቀት ነቅዬ ሦስቱም ላይ «አቴኑዋታ» ብዬ ጽፌያለሁ። ልጆቻቸውን ለጓደኞቼ ስሰጥም በዚሁ ስም ነው የምሰጠው። እናንተም ባለ ነጭ መስመር ተክል በሁለት ስም ገዝታችሁ ከሆነ ዛሬውኑ የቅጠሉን ሆድ ዳስሱት። ሁለቱም ከቆረቆራችሁ ሌላ ብር ከመላካችሁ በፊት ለሻጩ ፎቶውን ላኩለት።