እማን በጨው ስንጠረጥራት ከረምን፤ ለዶክተሩ ምስጋና (ደሴ)

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ግፊቱ በመድኃኒት አልወርድ ያለ ሰው ቤታችሁ ካለ ይህን አንብቡልኝ።

እማ ሦስት ዓይነት የግፊት ክኒን እየዋጠች 180/110 ንቅንቅ አላለም። ትከታተልበት የነበረው ቦታ በሄድን ቁጥር «ጨው አላቆሙም» ነው መልሱ። እኛም አምነን የጨው ዕቃውን ቆለፍንባት። «ወላሂ አልነካሁም» ስትል ማን ሰምቷት! ሌሊት ባቷን ሲሸመቅቃት ደግሞ የጦሳ ብርድ ነው እያልን በቅቤ እናሻታለን።

ጎረቤት የጠቆመን የውስጥ ደዌ ዶክተር ጋ ወሰድኳት። አራተኛ ክኒን ይጨምራል ስል «እማማ፣ ሌሊት ስንቴ ለሽንት ይነሳሉ?» አላት። «አራቴ፣ አምስቴ።» ስለ እግሯም ጠየቃት። ፖታሲየሟ (ሲጎድል ባትንም የሚሸመቅቅ፣ ሽንትም የሚያበዛ የደም ማዕድን ነው) ሲታይ 2.8፤ ከ3.5 መውረድ አልነበረበትም። አንዱ ክኒኗ የሚያሸና ስለሆነ እሱም ፖታሲየም ያወርዳል ብሎ ቀየረላት፣ የጎደለውን ሞላና አልዶስቴሮን የሚባል ሆርሞንና እሱ እንዲመነጭ የሚቀሰቅሰው፣ ከኩላሊት የሚወጣው ሬኒን በደሟ እንዲለኩ አዘዘ።

በማዘዣው ጀርባ ሁለት ኩላሊት ስሎ በላያቸው እንደ ቆብ የተደፉ እጢዎች አሳየን። አልዶስቴሮን ከነሱ ይመነጫል፤ ጨው ከሰውነት እንዳይወጣ ይይዛል፣ ፖታሲየምን በሽንት ይሸኛል። ሲበዛ ጨው የሚያከማቸው ሰውነቷ ራሱ ነው። እማ ዞር ብላ አየችኝ፦ «ሰማሽ?»

ናሙናው አዲስ አበባ ሄዶ አልዶስቴሮኑ በዝቶ፣ ሬኒኑ ወርዶ መጣ፤ እጢዎቹ ማንም ሳይቀሰቅሳቸው ያመነጫሉ ማለት ነው። ሲቲ ስካኑ ላይ እብጠት አልታየም። ችግሩ ከአንዱ እጢ ብቻ ከሆነ በቀዶ ጥገና ይወጣል፣ ከሁለቱም ከሆነ በመድኃኒት ነው። ይህን በትክክል የሚለየው ከየእጢው ደም ሥር የሚወሰድ ደም እንጂ ሲቲ ብቻውን እንዳልሆነ አልደበቀንም። እማ ግን «ቢላዋ የሚባል አይነካኝም» አለች፤ የአልዶስቴሮንን ሥራ የሚያግድ ስፓይሮኖላክቶን የሚባል ክኒን ተጀመረላት። አሁን 130/80 ነች። መድኃኒቱ ደግሞ በተቃራኒው ፖታሲየም ከልክ በላይ ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል በየጊዜው ደሟ ይታያል። ጨው አሁንም መቀነስ አለባት፤ ቁልፉን ግን መልሰንላታል።

ደም የቀዳችላት ልጅም ትመስገን። ጠዋት ከአልጋ ተነስታ ሁለት ሰዓት ያህል ስትንቀሳቀስ ቆይታ እንድትመጣ ዋዜማውን ደውላ የነገረችን እሷ ናት።

ምርመራው ርካሽ አይደለም፣ ውጤቱም ይቆያል። ዶክተሩ ስሙን አደባባይ ላይ እንዳላወጣው ስለነገረኝ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ስትሄዱ የምትወስዱትን ክኒን ሁሉ ከነማሸጊያው ያዙ፤ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። አላህ ዕድሜውን ያርዝምልን።