ሮቢት ላይ የጉድጓድ ውሃ ያስጠናንበት አገልግሎት፦ ገንዘቡ አይቆጭም፣ ግን ነሐሴ ላይ ድጋሚ ጥሯቸው

ሮቢት ባታ፣ ወላጆቼ ግቢ ውስጥ አዲስ ጉድጓድ ልናስቆፍር አሰብንና መጀመሪያ እናስጠናው ብለን ባሕር ዳር ካለ አንድ ድርጅት ባለሙያ አስመጣን። አባቴ ነገሩ አልተዋጠለትም። «የምን ጥናት ነው፣ እዚህ ሰፈር የትም ብትቆፍር ውሃ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ጣና አጠገብ ነው ያለነው፣ ሮቢት በበጋ ጫቱንም ጌሾውንም የሚያጠጣው ከጉድጓድ እየቀዳ ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ይጠጣል ወይ የሚለው ነው። የእህቴ ልጆች ያለፈውን ክረምት በተቅማጥ ነው ያሳለፉት።

ባለሙያው ግንቦት ላይ መጣ። አራት ብረት መሬት ላይ ተክሎ ኤሌክትሪክ እየላከ ከሥር ያለውን አፈርና ድንጋይ የሚለይበትን መሣሪያ ዘረጋ፤ ሰፈሩ ተሰብስቦ አየ። ለእኔ ዋናው ሥራ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የእኛንም የጎረቤቶችንም ጉድጓድ እየዞረ ለካ። ወደ ታች የሚለቀው ሜትር ጫፉ ውሃ ሲነካ ይጮሃል። የእኛ 6 ሜትር ከ40 ላይ ጮኸ። ጽፎ ሊነሳ ሲል አባቴ ክንዱን ያዘው። «ልጄ፣ ይሄ እኮ የግንቦት ነው።» ጎንበስ አለና ግድግዳው ላይ ያለውን አረንጓዴ መስመር አሳየው፤ ነሐሴ ላይ ውሃው እዚያ ድረስ ይመጣል። ሜትሩ እንደገና ወረደ። ከመሬት 2 ሜትር ገደማ። ባለሙያው ትንሽ ዝም አለና «አባባ፣ ሽንት ቤቱ ስንት ሜትር ነው የተቆፈረው?» ብሎ ጠየቀ። 3 ሜትር።

ነገሩ ያኔ ገባኝ። የሽንት ቤት ጉድጓድ ወለል፣ ውሃው በጣም ሲሞላ ከሚደርስበት ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ከፍ ማለት አለበት። የእኛ በበጋ ደህና ይመስላል፣ ክረምት ሲገባ ግን ውሃ ውስጥ ነው። ርቀቱም 18 እርምጃ ብቻ፣ ለዚያውም ከውሃ ጉድጓዱ በላይ፣ ዳገቱ በኩል። የተለመደው ምክር ቢያንስ 30 ሜትር ነው። እሱም እንደ መሬቱ ነው አለን፤ እኛ አካባቢ ከአፈሩ ሥር ያለው የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ ስንጥቅና ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ፣ ቆሻሻው አሸዋ ውስጥ እንደሚጣራው ሳይጣራ በስንጥቁ ቶሎ ያልፋል።

ምርመራው ላይ ቅሬታ አለኝ። የመጀመሪያውን ናሙና ያለ በረዶ መኪና ውስጥ ይዘውት ሲዞሩ ዋሉ። ለጀርም የሚመረመር ውሃ በንጹህ የላብራቶሪ ጠርሙስ ተቀድቶ፣ በረዶ ሳጥን ውስጥ ሆኖ፣ ቢቻል በ6 ሰዓት ጊዜ ውስጥ መድረስ አለበት። ተከራከርኩ። ነሐሴ ላይ ሳያስከፍሉ መጥተው እንደገና ወሰዱ፣ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። ኢ ኮላይ ተገኘ፤ ውሃው ውስጥ ሰገራ እንደገባ የሚያሳይ ጀርም ነው። የሚጠጣ ውሃ ላይ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም መኖር የለበትም። ከማዳበሪያና ከቆሻሻ ወደ ውሃ የሚገባው ናይትሬት በሊትር 31 ሚሊ ግራም ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን 50 ስለሆነ አላለፈም፣ ግን ዩሪያ በሚበተንበት ሰፈር በየጊዜው መታየት አለበት። ጀርሙን ማፍላትም ውሃ አጋርም ይገድሉታል። ናይትሬት ግን በማፍላት አይወጣም፣ ጨቅላ ሕፃን ያለበት ቤት ይህን ልብ ይበል። ጫት ላይ የሚረጨውን መድኃኒት ጭራሽ አልመረመሩም። ይሄ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ሮቢት ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ሪፖርቱ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር እንግሊዝኛ ነው። ግቢው የአባቴ ነው፣ ውሃውን የምትቀዳው እናቴ ናት፣ ሁለቱም አያነቡትም። ቁጭ ብዬ እኔ አስረዳኋቸው። አንድ ገጽ አማርኛ ቢጨምሩ ምን ነበረበት?

ክፍያው ለቁፋሮው ከተጠየቅነው ሩብ አይሞላም። ጣና ዳር መሬት ያላችሁ አስጠኑ፣ ግን ግንቦትም ነሐሴም እንዲለኩ ከመጀመሪያው ተዋዋሉ። ጎረቤቶቻችሁንም ክረምት ላይ ውሃው የት እንደሚደርስ ጠይቋቸው።

እኛ አዲሱን ከሽንት ቤቱ በላይ ራቅ አድርገን፣ ሚያዝያ ላይ ውሃው ዝቅ ሲል ነው የምናስቆፍረው፤ ያኔ የተቆፈረ በበጋ አይደርቅም። አፉ በሲሚንቶ ከፍ ብሎ ክዳን ይኖረዋል። የድሮው ከእንግዲህ ለጌሾው ብቻ ነው። እማዬ ባልዲውን ከወጥ ቤት አውጥታ እዚያው ጌሾው ሥር አስቀምጣዋለች።