የፒክአፕ ሰርቪስ፦ መጽሐፉን ልከተል፣ መካኒኩን ልስማ ወይስ እስኪበላሽ ልጠብቅ?

ጓደኛዬ ባለፈው ወር ያገለገለ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ገዛ። ሞተሩ ዲፎርዲ ነው፤ በኮምፒውተር የሚመራው የቶዮታ የናፍታ ሞተር። በገዛበት ማታ ደወለልኝ። ስለ ዋጋው ሊያወራ መስሎኝ ነበር።

"የሰርቪስ መጽሐፉን አየሁት፤ ዘይት በ10,000 ኪሎ ሜትር ቀይር ይላል። መካኒክ ጠየቅኩ፣ በ5,000 አለኝ። ሻጩ ደግሞ 'እኔ ሲጠቁር ነው የምቀይረው' ብሎኛል። ማንን ልስማ?"

ሻጩን ተወው አልኩት። የናፍታ ሞተር ዘይት በተቀየረ በጥቂት ቀን ይጠቁራል። ጥላሸቱን ከሞተሩ ላይ ማንሳት ሥራው ነው። በመልኩ ብንሄድ በየሳምንቱ ስንቀይር ልንኖር ነው። የመጽሐፉና የመካኒኩ ክርክር ግን ቁም ነገር አለው። መሃል አዲስ አበባ ፒክአፕ የያዘ ሰው አንድ ቀን ይገጥመዋል። ስለዚህ ያሉትን ሦስት መንገዶች ጎን ለጎን እንያቸው፦ አስመጪው ጋ በመጽሐፉ መሠረት ማሠራት፣ የራስን ጋራዥ ይዞ በራስ ፕሮግራም መሄድ፣ እና እስኪበላሽ መጠበቅ።

መጽሐፉ ራሱ ሁለት ቃል አለው

ብዙ ሰው መጽሐፉን ይከፍትና የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ አይቶ ይዘጋዋል። ትንሽ ቢገልጥ ስለ ከባድ አጠቃቀም የሚያወራ ሌላ ክፍል ያገኛል። እዚያ የዘይቱ ቁጥር በግማሽ ይወርዳል፤ 10,000 የነበረው 5,000 ይሆናል። ከባድ አጠቃቀም የሚባለው ምን እንደሆነ ስታነቡ ሳቅ ያመልጣችኋል፦ አቧራማ መንገድ፣ ከባድ ጭነት፣ ተደጋጋሚ አጭር ጉዞ፣ ሞተር ሳይጠፋ ረጅም ጊዜ መቆም፣ በዝግታ ብዙ መንዳት። ከአራት ኪሎ ተነስቶ በካዛንቺስ አድርጎ ሜክሲኮ የሚገባ ሰው ከጭነቱ በቀር ሁሉንም በአንድ ጠዋት ያሟላል። እናም መካኒኩና መጽሐፉ አልተጣሉም። ጓደኛዬ የተሳሳተውን ገጽ ነው ያነበበው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆጣሪው የሚቆጥረው ኪሎ ሜትር ነው፤ ዘይት የሚያረጀው ግን ሞተሩ በሠራበት ሰዓት ጭምር ነው። አስሉት። አገር አቋራጭ በአማካይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 10,000ውን ለመጨረስ 167 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። መሃል ከተማ በአማካይ 15 የሚሄድ ሰው ደግሞ 5,000 ለመድረስ 333 ሰዓት ሞተር ማሠራት አለበት። የከተማው ሰው ግማሹን መንገድ ሄዶ እጥፍ ሰዓት ሠርቷል ማለት ነው። እንግዲህ በ5,000 የሚለው መካኒክ ዘይት ሊሸጥላችሁ ብቻ አይደለም።

ከፍታውም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባው ቱርቦ ይህን ለማካካስ ይበልጥ ይሽከረከራል፤ የሚያለሰልሰውም ያው የሞተር ዘይት ነው። አቧራውስ? ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱና ሲሠሩ የአየር ፊልትሮውን ከፍቶ ያየ ሰው "እኔ አስፋልት ላይ ብቻ ነው የምነዳው" አይልም።

አስመጪው ጋ፣ ከነማኅተሙ

ቶዮታ ከሆነ ሞኤንኮ ማለት ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ዕቃው ኦርጂናል ነው፣ የኮምፒውተር ምርመራው ለመኪናው የተሠራ ነው፣ ወረቀትም ይሰጣል። ያ ወረቀት መኪናው ሲሸጥ ገንዘብ ነው። መኪናው አዲስ ሆኖ ዋስትና ካለው ደግሞ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ዋስትናው እስኪያልቅ እዚያው ሂዱ።

ጉዳቱ ዋጋው ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ሌላም አለ። የትም አሠሩ የት፣ በየትኛው ሠንጠረዥ እንደሚሠራላችሁ ጠይቁ። ስለ አነዳዳችሁ ካልተናገራችሁ ማንም በራሱ አያውቅላችሁም።

ይህ መንገድ ለማን ይሻላል? ለድርጅት መኪና። አምስት ሹፌር የሚቀያየርበትን ፒክአፕ ማንም ልብ ብሎ አያዳምጠውም። ድምፁ ሲለወጥ "እኔ ስረከበውም እንዲሁ ነበር" ነው መልሱ። እንዲህ ላለው መኪና ጥብቅ ፕሮግራም ጆሮ ይሆነዋል። መኪና ማዳመጥ ለማይወድ ሰውም እንደዚያው።

የራስ ጋራዥ፣ የራስ ደብተር

እኔ በዚህ ነው የምሄደው፤ አድልዎ ቢታይብኝ አትፍረዱብኝ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የምሄድበት ጋራዥ አለ። መካኒኩ ዕድሜያቸው ያባቴ ነው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት ሞተር አስነስተው ዝም ብለው ያዳምጣሉ።

እሳቸውን ከማግኘቴ በፊት ግን ተበልቻለሁ። ሌላ ሰፈር ባለ ጋራዥ "ሙሉ ሰርቪስ" እያልኩ እከፍል ነበር። አንድ ቀን ጥርጣሬ ገባኝና የዘይት ፊልትሮው ላይ በማርከር ትንሽ መስመር አሰመርኩ። ከሰርቪስ በኋላ ጎንበስ ብዬ ሳይ መስመሬ እዚያው አለች። ለአዲስ ፊልትሮ ከፍያለሁ፣ አሮጌው ተጠርጎ ተቀምጧል። አልተጣላሁም። ሁለተኛ አልሄድኩም።

የዚህ መንገድ ድካም ይኸው ነው፤ ተቆጣጣሪው ራሳችሁ ናችሁ። ዕቃውን ራሳችሁ ትገዛላችሁ። ሶማሌ ተራ ላይ አንድ ዓይነት ካርቶን በሦስት ዋጋ ይቀርብላችኋል፤ አንዱ ኦርጂናል፣ አንዱ ደህና ተመሳሳይ፣ አንዱ ደግሞ ካርቶኑ ብቻ ኦርጂናል የሆነ። የአምፖል ፎርጅድ ቢገዛ ችግር የለም። የዘይትና የናፍታ ፊልትሮ ላይ ግን እኔ ርካሽ አልፈልግም። ሥራው ሲሠራ እዚያው ቁሙ፣ የወጣውን አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ፣ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ደብተር ላይ ጻፉ። ይህን ለማድረግ ቅዳሜ ጠዋት ከሌላችሁ ወደ ላይኛው ምርጫ ተመለሱ።

ጥቅሙ ደግሞ መጽሐፉን እየመረጡ ማጥበቅና ማላላት መቻሉ ነው። ሁሉም መስመር እኩል አይደለም።

የማይላላውና የሚላላው

ዘይትና የዘይት ፊልትሮ፦ ለከተማ በ5,000 ወይም በስድስት ወር፣ ቀድሞ የመጣው። "ፉል ሲንተቲክ ካደረግኩ 15,000 እነዳለሁ" የሚሉ አሉ። ዘይቱ ራሱ ሊቆይ ይችላል፤ ጥላሸቱና ቆሻሻው ግን ሲንተቲክ ነው ብሎ አይቀርም። ለቆየ ሞተር 15ደብሊው-40 የሚባለውን ዘይት በጊዜው መቀየር፣ ውድ ዘይት አስገብቶ ከመርሳት ይሻላል። ጂዲ ለሚባሉት አዲሶቹ የሃይሉክስ ሞተሮች መጽሐፉ ያዘዘውን ቅጥነት ጠብቁ።

የናፍታ ፊልትሮ፦ እዚህ ላይ እኔ ከመጽሐፉ በላይ ጥብቅ ነኝ። ዲፎርዲ ናፍታውን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው የሚረጨው። ውሃ ወይም ደለል እዚያ ከደረሰ ኢንጀክተርና ፓምፕ ይሄዳል። ነዳጅ ሲጠፋ ከጀሪካን የሚገዛ ሰው ደግሞ ምን እየቀዳ እንደሆነ አያውቅም። ጋሼ አንድ ቀን "ልጄ፣ ዘይት ብታዘገይ መኪናው ትንሽ ይታገስሃል፤ ናፍታ ውስጥ ያለ ውሃ ግን አይታገስህም" አሉኝ። ከፊልትሮው ሥር ያለውን የውሃ ማፍሰሻ በየወሩ እከፍታለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ታይሚንግ ቤልት፦ የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው ቀበቶ ነው፤ ከዚህ ጋር ድርድር የለም። የድሮዎቹ የቶዮታ ናፍታ ሞተሮች 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ቤልት አላቸው፤ 100,000 ላይ ይቀየራል። ኬዲ የሚባሉት ዲፎርዲዎችም ቤልት ናቸው፤ መኪናው እንደተሠራለት አገር 100,000 ወይም 150,000 ተብሎ ይጻፋል። እኔ ትንሹን እይዛለሁ። ሚትሱቢሺ ኤል200 ባለ 4ዲ56 ሞተርም ቤልት ነው። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጡት የሃይሉክስ ጂዲ ሞተሮች ግን በሰንሰለት ነው የሚሠሩት፤ የአይሱዙ ዲማክስ 4ጄጄ1ም እንዲሁ። ሰንሰለት በቀጠሮ አይቀየርም፤ ነገር ግን ዕድሜው በዘይቱ ንጽሕና ላይ ነው። ቤልት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚበጠሰው። ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ይገናኛሉ፣ ቴስታታ የሚባለው የሞተሩ የላይኛው ክፍል ይወርዳል። ስትቀይሩ ከነመወጠሪያው ቀይሩት፤ እሱን ትቶ ቤልት ብቻ መቀየር ግማሽ ሥራ ነው።

የፍሬን ዘይት፦ ሁለት ዓመት ወይም 40,000። ርካሽ ስለሆነ ነው መሰል የሚረሳው። እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት የገባበት ፍሬን ዘይት ደግሞ ሲግል ቶሎ ይፈላል። ፒያሳ ላይ አይታወቃችሁም። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ስትወርዱ፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል፣ ጭነት ይዛችሁ፣ ያኔ ይታወቃችኋል።

ኩላንት፦ የቶዮታ ሮዝ ኩላንት መጀመሪያ እስከ 160,000፣ ከዚያ በየ80,000 ይሄዳል። ይህ የሚሠራው ግን ማንም የቧንቧ ውሃ ካልጨመረበት ነው። ያገለገለ መኪና ገዝታችሁ ከሆነ እንደተጨመረበት ቁጠሩ። እዚህ ከፍታ ላይ ተራ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ የራዲያተሩን ክዳን አትናቁት፤ ግፊቱን የሚይዘው እሱ ነው።

የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት መጽሐፉን ተከተሉ። ክሮቼራ ለሚባለው፣ ኃይል ወደ ጎማ ለሚያስተላልፈው ዘንግ መገጣጠሚያ፣ ግሪስ በየዘይት ቅያሬው ይግባ።

እስኪበላሽ መጠበቅ

ሁሌ የሚሰደብ መንገድ ነው፤ ለአንዳንድ ዕቃ ግን ትክክለኛው እሱ ነው። ፍሪሲዮን የኪሎ ሜትር ቀጠሮ የለውም፤ መንሸራተት ሲጀምር ይቀየራል። አሞርትዛተር፣ ባትሪ፣ የዝናብ መጥረጊያም እንዲሁ። የፍሬን ሸራ ውፍረቱ ታይቶ ነው። "ጊዜው ደርሷል" ተብሎ ደህና ዕቃ የሚያስጥል ሰው ካጋጠማችሁ "አሳየኝ" በሉት።

መላ መኪናውን በዚህ መንገድ የሚይዙም አሉ። የድሮው 3ኤል ብዙ ስለሚችል ልምድ ሆኖባቸው ነው። ኮምፒውተር የለው፣ ኢንጀክተሩ በየሰፈሩ ይሠራል። ያው ሰው ዲፎርዲ ሲገዛ በዚያው ልማድ ይቀጥላል፤ ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። ኬዲ ላይ የኢንጀክተሩ ሥር ማሸጊያ ሲያፈስ ጥላሸት ወደ ዘይቱ ይገባል፣ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል፣ ሞተሩ ዘይት ያጣል። ዘይት በጊዜው የሚቀይር ሰው ይህን ቀድሞ ያያል፤ የሚጠብቅ ሰው ሞተሩ ሲወርድ ነው የሚያየው።

ያገለገለ ለምትገዙ

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ፣ አገር ውስጥ ላለው የነዳጅ መኪና ዓይናችን ጨምሯል። ሁለት ፒክአፕ ቀርበውላችሁ አንዱ ከላቫጆ የወጣ፣ ሞተሩ ሳይቀር የታጠበ፣ ወረቀት የሌለው ቢሆን፤ ሌላው አቧራ የለበሰ ግን የዘይትና የቤልት ደረሰኝ ያለው ቢሆን፣ እኔ ሁለተኛውን ደህና ጨምሬም እገዛዋለሁ። ደላላው "ሞተሩ እንደ ሰዓት ነው" ማለቱ አይቀርም። ከመታጠቡ በፊት የት የት ያፈስ እንደነበር ግን ሰዓቱ አይነግራችሁም።

አንድ ነገር በተለይ ተጠንቀቁ። ዲፎርዲ ዳሽቦርድ ላይ ቲ-ቤልት የሚል መብራት አለ፤ ቀጠሮው ሲደርስ ይበራል። ይህን መብራት ቤልቱን ሳይነኩ ከቆጣሪው ቁልፍ ማጥፋት ይቻላል። ስለዚህ መብራቱ ጠፍቷል ማለት ቤልቱ ተቀይሯል ማለት አይደለም። ደረሰኝ ከሌለ አልተቀየረም ብላችሁ ዋጋው ላይ ተከራከሩ።

ጓደኛዬ ይህን ስነግረው ዝም አለ። መኪናው 212,000 ሄዷል፣ ሻጩ "ባለፈው ዓመት ነው የቀየርኩት" ብሎታል፣ ደረሰኝ የለም። ቅዳሜ ጠዋት ተክለ ሃይማኖት ይዘነው ሄድን። ጋሼ እንደ ልማዳቸው አዳመጡ፣ አጠፉት፣ የቤልቱን ሽፋን ፈቱ። ቤልቱን በሁለት ጣት ይዘው ገልበጥ አድርገው አሳዩን፤ ጀርባው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ምንም አላሉም። ስልካቸውን አውጥተው ሶማሌ ተራ ደወሉ።