ለባሕር ዳር አየር የሚስማማ የዲፈረንሻል ማርሽና ቶርክ ኮንቨርተር

ይህ ግምገማ የሚመለከተው ኋላ ጎማው በሚነዳ አንድ አሮጌ ቶዮታ ፒካፕ ላይ በየተራ አስገጥሜ የሞከርኳቸውን ሁለት የኮሮናና ፒኞን ጥንዶች (በዲፈረንሻል ውስጥ ተያይዘው የሚዞሩት ትልቁና ትንሹ ባለጥርስ ማርሽ)፣ ማለትም 4.56 እና 4.88 (ቁጥሩ ኮሮናው አንዴ እንዲዞር ፒኞኑ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ያሳያል)፣ እንዲሁም «የ2,800 ዙር» ተብሎ የተሸጠልኝን ቶርክ ኮንቨርተር (የሞተሩን ጉልበት በዘይት አማካይነት ወደ አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚያስተላልፈውን ዕቃ) ነው። መኪናው ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር፣ የኤ340 ቤተሰብ አውቶማቲክ ካምቢዮና ባለ 8 ኢንች ዲፈረንሻል ያለው ሲሆን፣ ከመቀየሩ በፊት የነበረው ጥምርታ 4.10 ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ለመናገር፣ ባሕር ዳር ላይ ሆኖ ለሳምንት መጨረሻ የአጭር ርቀት ውድድር መኪና የሚያዘጋጅ ሰው ገንዘቡን መጀመሪያ ለዲፈረንሻሉ፣ ቀጥሎ ለኮንቨርተሩ ቢያወጣ ይጠቀማል፤ ለዲፈረንሻሉም 4.88 የተሻለው ምርጫ ነው።

ለዚህ ፍርድ ዋናው ምክንያት አየሩ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ የሚያገኘው አየር ስስ ነው፤ በዚህም የተነሳ በባሕር ወለል ደረጃ ከሚሰጠው ጉልበት ከ16 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ያጣል። ከ4.10 ወደ 4.88 መሸጋገር ደግሞ ወደ ጎማው የሚደርሰውን የማሽከርከር ኃይል በ19 በመቶ ያሳድጋል። ስለዚህ ብዙዎች «በጣም ከባድ ማርሽ ነው፣ ጎማውን ዝም ብሎ ያሽከረክራል» የሚሉት 4.88 ጣና ዳር ላይ የሚያደርገው ነገር ቢኖር፣ ቆላ ላይ ያለ መኪና በ4.10 የሚያገኘውን ግፊት ከሞላ ጎደል መመለስ ብቻ ነው። ይህ ደግሞ አዲስ ግኝት አይደለም። በአሜሪካ ዴንቨር አጠገብ ከ1958 እስከ 2023 ያገለገለው የባንዲሚር የውድድር ሜዳ ከፍታው ከባሕር ዳር ጋር የሚቀራረብ ነበር፤ ከዝቅተኛ አካባቢ ወደዚያ የሚሄዱ ተወዳዳሪዎችም ጠንከር ያለ፣ ማለትም ቁጥሩ ከፍ ያለ፣ የኋላ ማርሽና ከፍ ባለ ዙር የሚይዝ ኮንቨርተር ማስገባት የተለመደ ዝግጅታቸው ነበር።

በጎማው ላይ ያለውን ልዩነት በቁጥር ማየት ይቻላል። የእኔ ጎማ 225/70 ባለ 15 በመሆኑ አንድ ዙር ሲሽከረከር 2.19 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ የካምቢዮው ሁለተኛ ማርሽ 1.531 ነው። ሞተሩን በደቂቃ 5,500 ዙር ላይ አድርሼ ወደ ሦስተኛ ስቀይር፣ በ4.10 ፍጥነቱ በሰዓት 115 ኪሎ ሜትር፣ በ4.56 ወደ 103፣ በ4.88 ደግሞ 97 ገደማ ይሆናል። ማርሹ ቀደም ብሎ መቀየሩ እንደ ጉድለት ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን 402 ሜትር በሚሆነው ሩጫ ውስጥ ትልቁ ትርፍ የሚገኘው ከመነሻው ላይ ነው፣ እዚያ ደግሞ 4.88 በግልጽ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ጭነት የሌለው የፒካፕ የኋላ ክፍል ቀላል ስለሆነ አቧራ ባለበት አስፋልት ላይ ጎማው መንሸራተቱ አይቀርም፤ መፍትሔው ጥሩ ጎማ እንጂ ደካማ ማርሽ አይደለም።

4.56 መጥፎ ዕቃ አይደለም፤ ቱርቦ ያለው ሞተር ለያዘ ሰው እንዲያውም እሱ ይበቃል።

ሲገዙ ሻጩ የሚናገረውን ቁጥር ብቻ ማመን አያስፈልግም፤ ጥርሱን መቁጠር ይበቃል። በቶዮታው ጥንድ 4.10 ማለት በኮሮናው 41፣ በፒኞኑ 10 ጥርስ ሲሆን፣ 4.56 ማለት 41 በ9፣ 4.88 ደግሞ 39 በ8 ነው። ሁለቱ ቁርጥራጮች አብረው የተሠሩ ጥንድ መሆን አለባቸው፤ ከተለያየ መኪና የተፈታ ኮሮናና ፒኞን አጋጥሞ ማሰር ጩኸትንና ፈጣን መበላትን ያስከትላል። የገጠመልኝ መካኒክ አዳዲስ ኩሽኔታና ፓራዮሊ (የዘይት ማገጃ ጎማ) ካላመጣሁ ሥራውን እንደማይጀምር ነገረኝ፤ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ክፍተትም በጆሮና በእጅ ሳይሆን በመለኪያ አይቶ ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር ውስጥ አስገባው፣ ጥርሶቹንም ቀለም ቀብቶ የሚነካኩበትን ቦታ አሳየኝ። መለኪያ የሌለው ጋራዥ ይህን ሥራ ባይቀበል ይሻላል። አዲስ ማርሽ በመጀመሪያዎቹ መቶ ኪሎ ሜትሮች በጣም ስለሚሞቅ፣ ለስለስ ብሎ እየተነዳና እየቀዘቀዘ መለማመድ፣ ቀጥሎም ዘይቱ መቀየር አለበት።

ወደ ኮንቨርተሩ ስንመጣ፣ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው 2,800 ዙር እዚህ አይገኝም። መኪናው ቆሞ፣ ፍሬኑ ተይዞ፣ ነዳጁ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ሞተሩ የሚደርስበት ዙር የሚወሰነው ሞተሩ በሚሰጠው የማሽከርከር ኃይል ነው፤ ኃይሉ ሲቀንስ ዙሩም በኃይሉ ስኩዌር ሩት መጠን ይወርዳል። ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ኃይል በጠፋበት አየር 2,800 የተባለው ወደ 2,550 ይጠጋል፤ በመለኪያው ላይ ያየሁትም ከዚህ ብዙ አልራቀም። እንግዲህ 2,800 የሚፈልግ ሰው 3,100 የተባለውን ማዘዝ ይኖርበታል። ይህን ፍተሻ ከአምስት ሰከንድ በላይ ማድረግ ዘይቱን ያቃጥላል።

ዲፈረንሻሉ ይቅደም የምለውም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር በአራተኛ ማርሽ ስነዳ ሞተሩ በ4.10 ወደ 2,200 ዙር፣ በ4.88 ወደ 2,620 ዙር ይሽከረከራል። ልቅ የሆነ፣ ማለትም በከፍተኛ ዙር ብቻ በደንብ የሚይዝ፣ ኮንቨርተር ከ4.10 ጋር ተጋጥሞ ወደ ጎንደር ሲነዳ ሞተሩ ኮንቨርተሩ በደንብ ከሚይዝበት ዙር በታች ስለሚቆይ፣ ውስጡ እየተንሸራተተ ዘይቱን ያሞቃል፤ ሙቀት ደግሞ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዋነኛ ጠላት ነው። ስለዚህ በረጅም መንገድ ራሱን የሚቆልፈው ክላች ያልተነሳለትን ኮንቨርተር መግዛትና ከራዲያተሩ ውጭ ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ ማስገጠም ግዴታ ነው እላለሁ። 4.88 ነዳጅ ይጨምራል፤ የዓባይን ሸለቆ ሲወርዱ ግን ሞተሩ መኪናውን አጥብቆ ይይዛል፣ ይህንንም ወድጄዋለሁ።

አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሰፊ ነውና እዚያ እንሞክረው የሚሉ ወጣቶች አሉ። ድልድዩ 380 ሜትር ነው፣ ለሩጫው እንኳ አይበቃም፤ ከሁሉም በላይ ግን ሰው የሚሄድበት መንገድ ነው። ሙከራው ለትራፊክ በተዘጋና ፈቃድ በተገኘበት ቦታ ብቻ መደረግ አለበት።

ከማርሽ ቅየራው በኋላ የፍጥነት መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት በ19 በመቶ አብልጦ ስለሚያሳይ እሱም መስተካከል ይኖርበታል። በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ያለው ሰው የፊት ዲፈረንሻሉንም በዚያው ጥምርታ መቀየር ስላለበት ወጪው እጥፍ ይሆናል፤ ለእንዲህ ያለው መኪና 4.10 ባለበት ቀርቶ፣ መጠነኛ ኮንቨርተርና ማቀዝቀዣ ብቻ እንዲገባ እመክራለሁ።