በርሊን፣ ኒም ወይስ ፓሪስ? የራምስታይንን የኮንሰርት አልበም ልትገዙ ላሰባችሁ

የጀርመኑን የሮክ ባንድ ራምስታይንን በስቱዲዮ አልበም ብቻ የሚያውቅ ሰው ግማሹን ነው የሚያውቀው። የዚህ ባንድ ዘፈን የሚሞላው መድረክ ላይ ነው። እሳቱ፣ ጭሱና አብሮ የሚጮኸው ሕዝብ ሲጨመርበት። ስለዚህ "ከየት ልጀምር?" ለሚለኝ ሁሉ "ከኮንሰርቱ ጀምር" እላለሁ። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን ይከብዳል፤ የትኛውን?

በድምፅም በቪዲዮም የወጡት ሦስት ናቸው፦ "ላይቭ አውስ በርሊን" (1999)፣ "ፎልከርባል" (2006) እና "ፓሪስ" (2017)። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ነው። በ2015 የወጣው የኒውዮርኩ ኮንሰርት ቪዲዮ ብቻ ስለሆነ ለዛሬ ልተወው።

የሚቻል ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት "ዱ ሃስት"ን በሦስቱም ላይ ስሙት። ዘፈኑ ውስጥ የጋብቻ ቃለ መሐላ አለ። መልሱ "ናይን" ነው፣ አይሆንም። ሕዝቡ ይህቺን ቃል ጠብቆ ጠብቆ ነው አብሮ የሚጮኻት። በርሊን ላይ ጊታሮቹ ከፊት ቆመው ሕዝቡ ትንሽ ራቅ ይላል። ፓሪስ ላይ ሕዝቡ ጆሯችሁ ሥር ነው። የትኛው ስሜት እንደሚስማማችሁ እዚያው ይለይላችኋል።

የበርሊኑ የተቀዳው ኦገስት 22 እና 23 ቀን 1998፣ ቩልሃይደ በሚባለው የፓርክ መድረክ ነው። ከተማቸው ነው፤ ባንዱም የተመሠረተው እዚያው በርሊን በ1994 ነው። በዚያን ጊዜ የነበራቸው ሁለት የስቱዲዮ አልበም ብቻ ስለሆነ ዘፈኖቹ ከሞላ ጎደል ከእነዚያ የተወሰዱ ናቸው። "ዞነ"ን ወይም "ፎየር ፍራይ"ን የምትፈልጉ እዚህ አታገኟቸውም። ድምፁ ያልተቀባባ፣ ደረቅ ነው። ለእኔ ትልቁ ውበቱ ይሄ ነው። ድምፃዊው ቲል ሊንደማን "ራምስታይን" የሚለውን ዘፈን የሚዘፍነው ካፖርቱ እየነደደ ነው። ዘፈኑ በ1988 ጀርመን ውስጥ ባለው ራምስታይን የተባለ የአሜሪካ አየር ኃይል ሰፈር፣ በአውሮፕላን ትርኢት ላይ ስላለቁት 70 ሰዎች ነው። ይህን አውቆ ያን የሚነድ ካፖርት ማየት ልብ ይነካል። ልብ በሉ፣ ባለ አንድ ሲዲው እትም 15 ዘፈን ብቻ ነው ያለው፤ ቪዲዮው ላይ ካሉት የተቀነሱ አሉ። ከቪዲዮውም "ቢክ ዲሽ" የሚለው ዘፈን የተቆረጠበት እትም ስላለ ጀርባው ላይ ያለውን ዝርዝር አንብቡ።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። "ፎልከርባል" ዋናው ኮንሰርት የተቀዳው በጁላይ 2005፣ ደቡብ ፈረንሳይ ኒም ከተማ ነው። ቦታው ሮማውያን በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ የሠሩት የድንጋይ አምፊቲያትር ነው። ጣሪያ የለውም። ሕዝቡ ዙሪያውን በድንጋይ ደረጃዎች ላይ ተደርድሯል፣ ነበልባሉ ሲወጣ ድንጋዩ ራሱ ቀይ ይሆናል። "ማይን ታይል" ላይ ኪቦርድ ተጫዋቹ ፍላከ ትልቅ ብረት ድስት ውስጥ ይገባል። ቲል የሥጋ ሻጭ ሽርጥ ታጥቆ፣ ማይኩ ቢላዋ ላይ ተገጥሞለት ይመጣና ድስቱን በእሳት መርጫ ይለበልበዋል። ዘፈኑ መነሻው በ2001 ጀርመን ውስጥ የተፈጸመ እውነተኛ የሰው በላ ወንጀል ነው። ካሜራው እዚህ ላይ አይጣደፍም፤ የምታዩትን ለማየት ጊዜ ይሰጣችኋል። መደበኛው እትም ዲቪዲና ሲዲ አብሮ የያዘ ሲሆን፣ ልዩው እትም ስለ ባንዱ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ይጨምራል። ጉድለቱ ሲዲው ነው፤ ኮንሰርቱን ሙሉ አልያዘም።

"ፓሪስ" በማርች 2012 በቤርሲ አዳራሽ በሁለት ምሽት የተቀረጸ ነው። ዳይሬክተሩ ስዊድናዊው ዮናስ ኦከርሉንድ ነው። በዘፈን ብዛት የሚወዳደረው የለም፤ "ሙተር"፣ "ሃይፊሽ"፣ "ማን ጌገን ማን" ሁሉም አሉ። "ኤንግል" ላይ ቲል ከጀርባው እሳት የሚተፉ ክንፎች አሉት። ድምፁም ከሦስቱ የጠራው ነው። ጥሩ ስፒከር ካላችሁ ቤቱን ያንቀጠቅጠዋል። ፊልሙን በተመለከተ ግን እውነቱን ልናገር፦ ምስሉ ቶሎ ቶሎ ይቆረጣል። አንድ ጊታሪስት ላይ ዓይናችሁን ሳታሳርፉ ወደ ሌላው ይዘላል። አንዳንዱ ሰው በዚህ ያብዳል፣ እኔን ያዞረኛል። ስለዚህ "ፓሪስ"ን በሲዲ ወይም በሸክላ ግዙት እላለሁ፤ ለጆሮ ከሆነ ቀውጢ ነው።

ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ የፓሪሱም ሆነ ያልተቆረጠው የበርሊን ቪዲዮ ሳሎን የሚከፈት አይደለም። "ቢክ ዲሽ" ላይ የሚታየው ትዕይንት ልቅ ነው። ቲልና ፍላከ በዚሁ ትዕይንት ምክንያት በ1999 አሜሪካ ውስጥ ታስረዋል።

ዲቪዲ ስትገዙ ጀርባው ላይ ያለውን የክልል ቁጥር (ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል ማጫወቻ እንደሚከፍት የሚናገረውን) እዩ። ኢትዮጵያ ክልል 5 ውስጥ ናት፣ አውሮፓ 2፣ አሜሪካ 1። 0 የሚል ከሆነ የትም ይሠራል። ብሉሬይ ላይ አፍሪካና አውሮፓ አንድ ላይ "ቢ" ናቸው፤ ከጀርመን የተላከላችሁ ብሉሬይ አዲስ አበባም ይከፍታል።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ሳጥኑን ሳትከፍቱ ብር እንዳትሰጡ። እኔ "ፎልከርባል"ን ሁለተኛ እጅ ገዝቼ ቤት ስደርስ ውስጡ ሲዲው ብቻ ነበር። ዲቪዲውን ለብቻው ስፈልግ ወራት ፈጀብኝ። አንድ ብቻ መግዛት ለሚችል ሰው አሁንም የምመርጥለት እሱኑ ነው፤ ሁለቱም ዲስኮች መኖራቸውን አይቶ።