የጎንደሯን ቁስቋም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ለማየት ፒያሳ ላይ "ሙሉ ጥቅል" የምትገዙ፣ ተጠንቀቁ

ጎንደር የሄዳችሁ ሁሉ ይህን ሰውዬ ታውቁታላችሁ። ስሙ ቢለያይም ዓይነቱ አንድ ነው። ፒያሳ ላይ ከታክሲ ስትወርዱ ሻንጣችሁን አይቶ ይጠጋል። እንኳን ደህና መጣችሁ ይላል። መኪና አለኝ፣ ትኬቱን እኔ እጨርሳለሁ፣ እናንተ ዝም ብላችሁ ማየት ነው ይላል። ቢሮም አለው። አንድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የፋሲል ግንብ ፎቶ፣ ስልኳን የምትነካካ ልጅ። ሰው የሚያምነው ቢሮ ስላለው ነው። እኔም ያመንኩት ለዚሁ ነው።

የሆነው ትናንት ነው። ንዴቴ ገና አልበረደም፤ ስለዚህ አጻጻፌ ቢዘበራረቅ ይቅርታ። ሰዉ ለኅዳር 6 የቁስቋም በዓል ጎንደር መግባት ሳይጀምር ማስጠንቀቅ አለብኝ።

እናቴ ጎንደርን አይታ አታውቅም። ስለ እቴጌ ምንትዋብ ሲወራ እየሰማች ነው ያደገችው። ጽጌን የምትጾም ሴት ናት፤ "አንድ ጊዜ ቁስቋምን ልሳለም" ማለት ካልተወች እሺ ብዬ ይዣት መጣሁ። ሰውዬው ገና እንዳያት እጇን ስሞ "እናቴ" አላት። መኪና ከነሹፌሩ፣ የነገሥታቱ ግንቦች ያሉበት የፋሲል ግቢ መግቢያ፣ የፋሲል መዋኛ፣ የቁስቋም መግቢያ፣ አስጎብኚ፣ ሁሉም ተጠቃሎ 6,000 ብር ተባባልን። በቴሌብር ላኩ። ደረሰኝ ስጠይቅ "መጨረሻ ላይ አንድ ላይ ይሰጣችኋል" አለች ልጅቷ።

የግቢውን ነገር ብዙ አላወራም። ዙሪያው 900 ሜትር የሚሆን አጥር ያለው ቦታ ነው። የፋሲል፣ የቀዳማዊ ኢያሱ፣ የበካፋ፣ የምንትዋብም ሕንጻ እዚያ ውስጥ አለ። ረጋ ተብሎ ነው የሚታየው። እሱ ግን የፋሲል ግንብ ፊት ፎቶ አነሳንና "በሉ ቶሎ ቶሎ" አለ። መዋኛው ጋ ስንደርስ ደግሞ "የዚህኛው መግቢያ ጨምሯል" ብሎ 400 ብር ተቀበለኝ። እዚያ ላይ ነገሩ ሸተተኝ፤ እናቴ ግን "ተይው፣ የቀን ሥራው ነው" አለች።

መኪና ውስጥ ቁስቋምንም ያሠሩት አጼ ፋሲል ናቸው ሲላት እናቴ አላስቻላትም። "ኧረ ልጄ፣ እቴጌ ምንትዋብ ናቸው" አለችው። እውነቷን ነው። አጼ ፋሲል ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1667 ነው። እቴጌይቱ ቁስቋምን ያሳነጹት ባላቸው አጼ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ከሞቱ በኋላ፣ ለልጃቸው ለዳግማዊ ኢያሱ መንግሥቱን ይዘው በነበረበት ዘመን ነው። ሰውዬው መልስ አልሰጣትም። ከዚያ በኋላ "እናቴ" ማለቱንም ተወው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

መኪናው ዳገቱን ወጥቶ የቁስቋም በር ላይ ቆመ። እናቴን ደግፌ አወረድኩ። ቦርሳዋን ላነሳ ስል "ይቆይ፣ ለምን ትሸከሚያለሽ፣ እኛ እዚሁ ነን" አለኝ። ውስጡ የደም ግፊት መድኃኒቷና ጾሟን የምትገድፍበት ዳቦ ነበር። ከዚያ ከኪሱ ቁራጭ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። "ይሄን ስታሳዩ ያስገቧችኋል" አለ። ማኅተም አለው። እኔም አላነበብኩትም።

በር ላይ ያለው ዲያቆን ወረቀቱን ገልብጦ አየው። እንደገና አየው። "እህቴ፣ ይሄ እኮ የመኪና ማቆሚያ ወረቀት ነው። ለእዚህ የተከፈለ ነገር የለም" አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የነገረኝ፣ እናቴ እንዳትሰማ።

ዞር ስል መኪናው ፊቱን ወደ ከተማው አዙሯል። ሞተሩ አልጠፋም። ሮጥኩ። ሰውዬው መስኮቱን ግማሽ ዝቅ አደረገ።

"የተሳሳተ ወረቀት ሰጥተኸኛል" አልኩት።

"አልተሳሳትኩም። የከፈላችሁት እስከዚህ ነው። መግቢያው የራሳችሁ ነው።"

"ቦርሳውን አምጣው እሺ።"

"የመጠበቂያና የመመለሻ 2,500 ብር አለ። እሱን ላኪና ትወስጃለሽ።"

እንዲህ ነው ያለኝ። ቃል በቃል። ሹፌሩ መሪውን ይዞ ወደፊት ያያል፤ አንድም ቃል አልተነፈሰም። እናቴ ምርኩዟን ይዛ ቀስ እያለች መጣች። "ልጄ፣ መድኃኒቴ እዚያ ውስጥ ነው" አለችው። እሷን ቀና ብሎ እንኳን አላያትም። ለእኔ "ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጥታችሁ ለ2,500 ብር ታለቃቅሳላችሁ?" አለኝ። ከዚያ ወደ ሹፌሩ ዞሮ "ንዳው፣ እነዚህ ዛሬ አያልቁም" አለ። መኪናው ተንቀሳቀሰ። የእናቴ እጅ በሩ ላይ ነበር።

ላኩለት። ምን ላድርግ? እጄ እየተንቀጠቀጠ የሚስጥር ቁጥሬን ተሳሳትኩ፣ ደግሜ አስገባሁ። ብሩ መግባቱን ስልኩ ላይ አይቶ ካረጋገጠ በኋላ ቦርሳውን በመስኮት አሾልኮ ሰጠኝና "ስትጨርሱ ደውሉ" ብሎ ሄደ። ስንጨርስ ደወልን። ስልኩ ዝግ ነው። እስካሁንም ዝግ ነው።

ዲያቆኑን እግዜር ይስጠው። መግቢያውን እዚያው ከፈልን፣ ደረሰኝ ቆርጦ ሰጠን። ለእናቴ መቀመጫ አመጣላት። የሱዳን ድርቡሽ ጦር በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥል ቁስቋምም እንዳልቀረለት፣ እዚያው ያለው የምንትዋብ ቤተ መንግሥት ግድግዳው ብቻ ለምን እንደቀረ ነገረን። በቀይ ድንጋይ የተቀረጹትን መስቀሎች አሳየን። የምንትዋብን፣ የልጃቸውን የኢያሱንና የልጅ ልጃቸውን የኢዮአስን አጽም ስታይ እናቴ አለቀሰች። ለዓመታት የተመኘችው ቦታ ላይ ቆማ ግን ሐሳቧ እዚያ አልነበረም። "ብሩን ላንቺ እንዴት ልመልስልሽ" ነው የምትለኝ። ይህ ነው ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ።

በባጃጅ ወርደን በቀጥታ ቢሮው ሄድን። ያቺው ልጅ አለች። ሁለት ባዶ ወንበር አጠገቧ እያለ እናቴን ተቀመጡ አላለችም። ጎንደር ላይ! ሰው ለትልቅ ሰው ብድግ በሚልበት አገር! የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኳት።

"ደረሰኝ አላችሁ?" አለች።

"አልሰጣችሁንም እኮ።"

"እንግዲህ ያለ ደረሰኝ እኔ ምን ላድርግ?"

ቴሌብሩን አሳየኋት። "ይሄ የእሱ የግል ስልክ ነው፣ ከእኛ ጋር አይገናኝም" አለች። ጠዋት ቁጥሩን በአፏ የነገረችኝ እሷ ናት! ስነግራት ወደ ስልኳ ተመለሰች። እናቴ ክንዴን ይዛ አወጣችኝ እንጂ እዚያው አድር ነበር።

ወደ ማረፊያችን ስንመለስ የፋሲል ግቢ ትኬት መሸጫ ጎራ ብዬ ጠየቅሁ። የግቢው ትኬት በዚያው ቀን ለመዋኛውም ያገለግላል አሉኝ። 400ውም እንዲሁ በከንቱ ሄዷል ማለት ነው። መታወቂያ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ አስጎብኚዎችም እዚያው በር ላይ ቆመው ነበር። ሰውዬው ጠዋት በአጠገባቸው ሲያሳልፈን ለምን እንዳጣደፈን ያኔ ገባኝ።

ብቻ እናንተ የሁሉንም ቦታ መግቢያ ራሳችሁ በር ላይ ክፈሉ፤ የተሰጣችሁን ወረቀት እዚያው አንብቡት። ወደ ቁስቋም ባጃጅ ይወስዳችኋል፣ ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ። የመኪና ሂሳብ ስትመለሱ እንጂ አስቀድማችሁ አትላኩ። ትልቅ ሰው ይዛችሁ ከሆነ መድኃኒቱ በእጃችሁ ይሁን፣ መኪና ውስጥ አትተዉት።