የኖኒ ጭማቂ፦ ዋጋውን የሚያወጣ ነገር አለው?

ኖኒ በታሂቲና በሃዋይ የሚበቅል፣ ድንች የሚያክል ፍሬ ነው። ጭማቂው ከ1996 ጀምሮ በኔትወርክ ሽያጭ ዓለምን ያዳረሰው ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ አልፎም ለካንሰር ፍቱን ነው እየተባለ ነው።

ክዳኑ ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጣው ሽታው ነው። ንጹሑ ኖኒ የሰነበተ ቅቤና የአውራ ፍየል ጠረን አለው። ምክንያቱም በውስጡ ያሉት ካፕሮይክና ካፕሪሊክ የሚባሉት አሲዶች በቅቤና በፍየል ወተት ውስጥም ያሉ ናቸው። በባህላዊው አሠራር የበሰለው ፍሬ በተከደነ ዕቃ ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ተቀምጦ ፈሳሹን ራሱ ይለቃል፤ ስለዚህ ጠቆር ያለ ቡናማና ኮምጣጣ ይሆናል። የገዛችሁት ወይን ጠጅ የመሰለና የሚጣፍጥ ከሆነ የወይን ወይም የብሉቤሪ ጭማቂ ገብቶበታል ማለት ነው። የስኳር ሕመምተኛ ይህን ከጠርሙሱ ጀርባ ሳያነብ አይግዛ።

የተለመደው መጠን በቀን 30 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ነው። በጣም አቀዝቅዛችሁ ከአንድ ብርጭቆ የአናናስ ጭማቂ ጋር ቀላቅሉት፤ ቅዝቃዜ ሽታውን ያፍነዋል። በባዶ ሆድ ግን ለጨጓራ ሕመምተኛ ይከብዳል።

ጥቅሙስ? የአውሮፓ ኅብረት በ2003 ለሽያጭ ሲፈቅድለት፣ ቀድሞ የመረመረው የሳይንስ ኮሚቴ ከሌላ የፍራፍሬ ጭማቂ የተለየ የጤና ጥቅም እንዳለው ማስረጃ አላገኘም። ለቫይታሚን ሲ ከሆነ ዘይቱን (ጓቫ) ብሉ፤ በብዙ እጥፍ ይረክሳል፣ ይጣፍጣልም። በእኛ አስተያየት ኖኒ ጭማቂ ነው፤ በመድኃኒት ዋጋ ሊሸጥ አይገባውም።

አጥብቀን የምንለው ስለ ኩላሊት ነው። በአንድ ሊትር ኖኒ ውስጥ 2200 ሚሊግራም ገደማ ፖታሲየም የተባለው ማዕድን ተለክቷል። በሁለት ማንኪያ የሚገባው 65 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነውና ጤነኛን አይጎዳም። ችግሩ «ብዙ ሲጠጣ ቶሎ ያድናል» ተብሎ በብርጭቆ ሲወሰድ ነው። የደከመ ኩላሊት ፖታሲየምን በሚገባ አያስወጣም፤ በደም ውስጥ ሲከማች የልብ ምትን ያዛባል። ኤናላፕሪል ወይም ስፓይሮኖላክቶን የተባሉትን የግፊትና የልብ መድኃኒቶች የሚወስዱም ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ አይንኩት፤ ሁለቱም ፖታሲየም ከፍ ያደርጋሉ። ለኖኒ ብሎ የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ማቋረጥማ ጨርሶ አይታሰብ።

ከተከፈተ በኋላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ። ከሥሩ የሚዘቅጠው ሥጋው ነው፤ ነቅንቃችሁ ቅዱት። ክዳኑ ካበጠ ወይም ሲከፈት ጋዝ ከተነፈሰ ግን ዳግም እየፈላ ነውና ድፉት።